ስለ መጻሕፍትና ስለ ተማሪ እንጀራ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ በዱርቤቴ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ዛሬ የተሰበሰብንበትን በዓል ሁላችን ኢዮቤልዩ እያልን እንጠራዋለን። ስሙ በአፋችን ቢለመድም ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኢዮቤል በዕብራይስጥ የአውራ በግ ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ሲነፋ የኀምሳኛው ዓመት መግባት ይታወቅ ነበርና ዓመቱ በቀንዱ ስም ተጠራ። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ታዘዘው በዚያ ዓመት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በድኽነት ምክንያት ለሰው የተገዛውም ነፃ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዴህ ኢዮቤልዩ እልልታ ብቻ የሚሰማበት ዓመት አይደለም፤ ከማን ምን እንደ ተቀበልንና ለማን ምን እንዳለብን የምንተሳሰብበት ዓመት ነው።

ስለዚህ ሒሳብ እናገር ዘንድ በታዘዝሁ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ይህ መጽሐፍ ከአዳም ጀምሮ ያለውን ዘመን በኢዮቤልዩ እየከፈለ ይቈጥራል። አንዱ ኢዮቤልዩ በእርሱ አቈጣጠር 49 ዓመት ነው፤ ዓመቱም 364 ቀን፥ ይህም ማለት ሳይጐድልና ሳይተርፍ 52 ሳምንት ነው። እስራኤል ከሲና ተራራ ሥር በሰፈሩ ጊዜ ከፍጥረት 2410 ዓመት ሆኖ ነበር ይላል፤ የምድረ በዳው 40 ዓመት ሲጨመርበት 2450 ይሆናል፤ ይህም ኀምሳ ጊዜ 49 ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ይሉታል፤ እኛ ግን ዘመንን ስለሚከፍል ኩፋሌ አልነው።

የዚህ መጽሐፍ ዕድል የሚያስደንቅ ነው። አስቀድሞ በዕብራይስጥ ተጻፈ፤ ወደ ጽርእ ተመለሰ፤ ከጽርእም ወደ ግእዝና ወደ ላቲን ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ግን ዕብራይስጡ ጠፋ፤ ጽርኡም በሌሎች ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ከተጠቀሰው በቀር ጠፋ፤ ከላቲኑም የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነው። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ዲልማን የሚባለው የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. የግእዙን ንባብ ባሳተመው ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት የጠፋባቸውን ነገር እንዳገኘ ሰው ተቀበሉት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በጨው ባሕር አጠገብ በቍምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቍርጥራጮች ሲገኙ ከግእዙ ጋር አስተያዩአቸው፤ የግእዙም ትርጕም የታመነ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ፥ ከጽርእ ወደ ግእዝ ተሻግሮ፥ ከዚያ ወዲያ ከእጅ ወደ እጅ በብዙ መቶ ዓመት ሲገለበጥ ኖሮ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ነው። የስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምዕራብ፥ በእኛ ወገን በኩል አልፎ፥ ግሽ ዓባይ ደርሷል። እርሱ ትልቅ ነገር አገኘሁ ብሎ የተደሰተው በምንጩ ነበረ። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው የእስፓንያ ቄስ ያን ምንጭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. አይቶት ነበር፤ ባላገሩማ ከብት ሲያጠጣበት የኖረ ነው። ብሩስ ወደ አገሩ ከወሰደው ሁሉ እጅግ የከበረው ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉው ከእኛ በቀር በማንም ዘንድ አልነበረም። ሎረንስ የተባለው ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. አሳተመው። ውሃው ምንጊዜም ወደ ሌላ አገር ይፈሳል፤ መጽሐፉ ግን ከእኛ ዘንድ ባይጠበቅ ኖሮ ከየትም ሊቀዳ አይችልም ነበር።

እንግዴህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እነዚህን መጻሕፍት የጠበቀ ማን ነው? ነገሥታት መጻሕፍት አጽፈዋል፤ ለአብያተ ክርስቲያናትም ሰጥተዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በንጉሥ ግምጃ ቤት የተሰበሰበ መጽሐፍ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ወደ አንድ ሺህ የሚደርሱ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን በያዙ ጊዜ ተበተኑ፤ ሦስት መቶ ኀምሳ የሚያህሉትም ወደ ሎንዶን ተወስደው እስከ ዛሬ በዚያ አሉ። ኩፋሌና ሄኖክ ሊተርፉ የቻሉት በአንድ ቤት ስላልተከማቹ ነው። በየደብሩና በየገዳሙ፥ ስማቸውን ማንም በማያውቃቸው ጸሐፍት እጅ ሲገለበጡ ኖረው ነው።

የመጽሐፍ ሥራ እንዴት እንደ ነበረ ከእናንተ ሽማግሎቹ ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ ግን አላዩምና ጥቂት ልናገር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በአራት እንጨት መካከል በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ ታሽቶ እስኪነጣና እስኪለሰልስ ይሠራል። ከዚያ በልክ ተቈርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ካረረ እህል ተበጥብጦ ብዙ ጊዜ እንዲቈይ ይደረጋል፤ ቀዩ ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ብዕሩ መቃ ነው። ተጽፎ ሲያልቅ ጥራዙ ይሰፋል፤ በዋንዛ ገበታ ይታተማል፤ ቆዳ ይለብሳል፤ ማኅደር ተሰፍቶለት ከግድግዳ ይሰቀላል። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ወራት ይፈጃል፤ ትልቅ መጽሐፍ እንደ ሆነማ የብዙ ፍየል ቆዳ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲውል የሚያርስለት፥ የሚፈጭለት፥ የሚጋግርለት ሰው መኖሩን አንርሳ። በመጽሐፉ መጨረሻ የጸሐፊውና ያጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ የጋገረችው ሴት ስም ግን አይገኝም።

መጽሐፉም ለንባብ ብቻ አልነበረም። በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የርስት ስጦታ፥ የውርስ ውል፥ የደብሩ ንብረት ቍጥር ይጻፍበት ነበር፤ በወንጌል ላይ የተጻፈውን ለመካድ የሚደፍር የለምና። የሠረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚለው ቃልም ከዚያው ይጻፋል። እንዲህ ከሆነ የብራናው ወንጌል ለአንድ ደብር መጽሐፉም፥ መዝገቡም፥ ዳኛውም ነበረ ማለት ነው።

አሁን ግን ዋነኛውን ነገር ልናገር። ብራና ብቻውን መጽሐፍን አይጠብቅም። የሚያነበው ሰው የሌለ እንደ ሆነ መጽሐፍ ቆዳ ነው። ድጓውን ተመልከቱ። በንባቡ ላይ በትንንሹ የተጻፈው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደረሰ ይነገራል። ግእዙን፥ ዕዝሉን፥ አራራዩን የሚያመለክተው እርሱ ነው። ነገር ግን ምልክቱን ዐይቶ ብቻ ማንም ሊያዜመው አይችልም፤ ከየኔታ አፍ ሰምቶ፥ ደጋግሞ ቀጽሎ፥ ተሳስቶ ታርሞ የተማረ መሆን አለበት። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መጻሕፍት በርክተዋል፤ ድኻው ስንኳ ዛሬ የታተመ ዳዊት ገዝቶ በቤቱ ያኖራል፤ ወጣቶችም በእጅ ስልካቸው ያነባሉ። ይህን የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ማተሚያ ፊደሉን አብዝቶልናል፤ የኔታን ግን ሊያትምልን አይችልም።

ቅኔ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቅኔ በመጽሐፍ አይቀመጥም፤ ለዕለቱ ተቈጥሮ በዕለቱ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ነው፤ መወድሱ ስምንት ቤት ነው፤ ሰሙና ወርቁ ተስማምቶ፥ ዜማው ሳይሰበር፥ ግሡና አገባቡ ሳይፈርስ መምጣት አለበት። ተማሪው ቀን በየጫካው ጥግ፥ በየመቃብሩ ሥር ተኝቶ ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ በየኔታ ፊት ይነግራል፤ የኔታም ያርማል፥ ይሰብራል፥ ያቃናል። ሰዎች ይህን ጥበብ ሲያዩ አብሾ ጠጥቶ ነው ይላሉ። አብሾ የሚባለው ምን እንደሚያደርግ ለባለ መድኃኒቶች ልተወው፤ እኔ ግን በቅኔ ቤት ያየሁት ረኀብና እንቅልፍ ማጣት ነው።

የቅኔ መንገድ ሲቈጠር ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዋድላ ይባላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ በእኛ በጐጃም ናቸው። ዲማና ደብረ ኤልያስ ሲጨመሩ፥ ከትግሬና ከወሎ፥ ከሸዋና ከበጌምድር የመጣ ተማሪ በዚህ አገር እንጀራ እየበላ እንደ ተማረ ማንም ያውቃል። ያን እንጀራ የሰጠው ባላገር አብዛኛው ፊደል አልቈጠረም። ነገር ግን በዚያ እንጀራ ምን እንደ በቀለ እንመልከት። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገብተው፥ የአገራችንን የቴአትር ጽሕፈት ከጀመሩት አንዱ ሆኑ። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ነበርና ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ ታሪኩን ከማንኩሳ አስነሡት፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካለችው ከዚችው ከምናውቃት ማንኩሳ ማለት ነው። ባለታሪኩም በዛብህ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበረ። ያን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው በራዲዮ ሲተረክ ሰምቶታል።

ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን ጥቂት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ስማቸው እንደ ሥራቸው አይነሣምና። በሕፃንነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ልጅቱ ከአባቷ ጉባኤ ዳር ተቀምጣ እየሰማች ቅኔን ተማረች፤ አባቷም ሲያርፉ ወንበራቸውን ወረሰች። ከዚያ ወዲያ ወንዶቹ ተማሪዎች ከየአገሩ እየመጡ ከእርሳቸው ሲማሩ ኖሩ። አንድ ቅጠል ስንኳ በዓይናቸው ሳያነቡ መጻሕፍቱን በቃላቸው ይዘው፥ የሰውን ስሕተት በጆሯቸው ብቻ እየያዙ አቃኑ። ሴት ልጅ ለትምህርት ምን ያደርግላታል የሚል ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ፤ በጐጃም ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው ከሁሉ ይልቅ ያሳፍራል።

እስቲ ወደ ሒሳባችን እንመለስ። በቀድሞ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይና መምህር የሚኖርበት መሬት ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በወጣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወሰደ። በዚህ አዋጅ ጭሰኛ ነፃ ወጥቷልና በአዋጁ ላይ አላማርርም፤ የኢዮቤልዩ ሕግ ራሱ ድኻው ወደ ርስቱ ይመለስ የሚል ነው። ነገር ግን የመምህሩ ወንበር የቆመበት እህል በዚያው ዓመት ጠፋ። ከዚያ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ባይቋቋም ኖሮ ብዙ ደብር ይዘጋ ነበር። እኒህም አባት የዚሁ የጐጃም፥ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። እንግዴህ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቤተ ክርስቲያንን ያኖራት የምእመናን ገንዘብ ነው፤ ተማሪን ያኖረው ግን እንደ ቀድሞው የእናቶች ቍራሽ ነው።

የቆሎ ተማሪ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ይቆማል። በገጠር ይህ ነገር ሥርዓት ያለው ነበረ። የባላገር ደጅ ክፍት ነው፤ የቤቱ እመቤት የተማሪውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች፤ ሲቀር የታመመ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ከሰንበቴው የተረፈውም ለእርሱ ነበረ።

ከተማ ግን ሌላ ነው። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር በመራዊ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ የደቡብ አቸፈርም መቀመጫ ናት። ጤፉም በቆሎውም ዳጉሳውም ኑጉም ወደዚህ ይመጣል፤ ሰውም እንዲሁ ይመጣል። ነጋዴው፥ ሠራተኛው፥ አስተማሪው፥ ከገጠር ወርዶ ቤት የተከራየው ሁሉ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ሆኖ ይኖራል። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ይዘጋል። ተከራዩ እንጀራ ከሱቅ ገዝቶ ቈጥሮ ይበላል። ተማሪው ከውጭ ቆሞ ሲጮኽ የሚሰማው የለም፤ ቢሰማም የማን ደጅ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይሰጠዋል ብሎ ይተዋል። ክፋት አይደለም፤ የከተማ ኑሮ ጠባይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ከሆነ ወዲህም መንገድ በየጊዜው እየተዘጋ ሁሉም ሰው ተቸግሯል፤ አገር ለአገር ዞሮ የሚማር ተማሪም ከተቸገሩት አንዱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ ጕልበት ያለው ልጅ ስለ ምን ይለምናል፥ ሠርቶ ይብላ ወይም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ይግባ ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዘመናዊውን ትምህርት ቀን፥ የቤተ ክርስቲያኑን ማታ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ይህም መልካም ነው፤ ሊበዛም ይገባዋል። ነገር ግን ቅኔና መጻሕፍት በትርፍ ሰዓት ብቻ የሚፈጸም ትምህርት አይደለም። ሐኪም ለመሆን የሚማረውን ልጅ መንግሥትና ወላጆቹ ዓመታት ሙሉ ሲመግቡት ለምን አይሠራም የሚለው የለም። ሌሎች አባቶች ደግሞ፥ ልመናው ትሕትናን ስለሚያስተምር ሊቀር አይገባውም ይላሉ። እነዚህን አባቶች አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። ልመና ትምህርቱን ለማግኘት የተገኘ ዘዴ ነበረ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በከተማ መንገድ በመኪናና በውሻ መካከል ሲዞር ውሎ ማታ ሲቀጽል እንቅልፍ ከጣለው፥ የተማረው ትሕትና ሳይሆን ድካም ነው።

በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት በሚሰበሰበው ገንዘብ ምን እንሥራ የሚለው ክርክር በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ የግቢውን በር በእብነ በረድ እንሥራ ይላል፤ ሌላው የደወል ቤት፤ ሌላው ከዚህ የበለጠ የድምፅ ማጕያ። የአምላክን ቤት ማስጌጥ የተመሰገነ ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን የድምፅ ማጕያው ከተገዛ በኋላ በእርሱ ላይ መወድስ የሚዘርፍ ሰው ከሌለን ለከተማው ሁሉ የምናሰማው ምንድን ነው? ስለዚህ ከሚሰበሰበው ዐሥራቱ አስቀድሞ ተለይቶ ለየኔታ ደመወዝና ለተማሪዎች ማደሪያ ይሁን ብዬ በሰበካ ጉባኤው ፊት አሳስባለሁ።

እንጀራውን ግን ከገንዘቡ ጋር ማደባለቅ አይገባም ይመስለኛል። ገንዘብ በመዝገብ ይገባል፥ በመዝገብ ይወጣል፤ ሰውን ከሰው ጋር አያስተዋውቅም። እስቲ እንቍጠረው። ሃያ ተማሪ ቢኖሩንና ለእያንዳንዱ በቀን ሦስት እንጀራ ቢሰጥ ስድሳ እንጀራ ነው። መቶ ሃያ ቤተ ሰብ ተስማምቶ እያንዳንዱ በየሁለት ቀኑ አንድ እንጀራ ብቻ ቢሰጥ ስድሳው ይሞላል። በዚህች ከተማ መቶ ሃያ ቤተ ሰብ በየሁለት ቀኑ አንድ እንጀራ የሚያጣ አይመስለኝም። ለእድር፥ ለማኅበር፥ ለሠርግ ስንት ተራ እንደምንጠብቅ ሁላችን እናውቃለን፤ ይህንም ሰንበቴዎቹ በየሰፈራቸው ተካፍለው ቢይዙት ሥራው የሚከብድ አይደለም። ተማሪው ወደየደጁ ከሚዞር ይልቅ እንጀራው ወደ ጉባኤ ቤቱ ይምጣ። የሰጠችውም እናት በሰንበት መጥታ ልጆቹ ምን እንደ ተማሩ ትጠይቅ፤ ትሰማም። የገጠሩ ደጅ ለተማሪው የሰጠው ትልቁ ነገር ይህ መጠየቁ ነበረ፤ በከተማ ሊጠፋብን የማይገባውም እርሱ ነው።

ስለ መጻሕፍቶቻችንም ጥቂት ልጨምር። የብራና መጻሕፍት ጠላቶች ብዙ ናቸው። ከጣራ የሚወርድ ውሃ አለ፤ አይጥና ብል አለ፤ የጧፍ ጠብታና ጢስ አለ፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚገዛ ሰው ነው። ሥዕል ያለበትን ቅጠል ብቻ ቈርጦ የሚሸጥ አለ፤ በፈረንጅ አገር በመስተዋት ተደርጎ በግድግዳ የተሰቀለ የዳዊት ወይም የተአምረ ማርያም ቅጠል ከአንድ ደብር ተቈርጦ የወጣ ነው። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ነገር ግን ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲጠፋ የእኛ ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል።

ስለዚህ አንዳንዶች በዕቃ ቤት ቈልፎ ማንም እንዳያየው ማድረግ ነው መድኃኒቱ ይላሉ። እኔ ግን ይህን ፈውስ ከበሽታው ጋር እቈጥረዋለሁ። ለሃያ ዓመት ያልተከፈተ መጽሐፍ ውስጡ በብል አልቆ ማኅደሩ ብቻ ቢቀር ማን ያውቃል? ከውስጡ አሥር ቅጠል ቢጐድል በየትኛው ዓመት እንደ ጐደለ ማን ይመሰክራል? መጽሐፍን ከሌባ የሚጠብቀው ቍልፉ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይን ነው። ቍልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በቄሰ ገበዙ፥ አንዱ በሰበካ ጉባኤው እጅ ይኑር። ሁለቱ ሳይገናኙ አይከፈት፤ ግን ይከፈት። እያንዳንዱ መጽሐፍ ስሙ፥ ቁመቱና ወርዱ፥ የቅጠሉ ቍጥር፥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል፥ የጐደለውና የተቀደደው በመዝገብ ይጻፍ፤ ቅጠል በቅጠልም ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱ ቅጂ በሀገረ ስብከት ይቀመጥ። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ዘጠኝ ሺህ ያህል ተነሥተዋል። ቅጂያቸው ወደ አሜሪካ፥ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ፥ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አንድ በአንድ እያነበቡ ዝርዝራቸውን ሲጽፉ ኖረዋል። እርሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ያን ሁሉ ከፈጸሙ፥ እኛ በዕቃ ቤታችን ያለውን መቍጠር ያቅተናል?

አሁን የሚቀረው ሥራው ነው። ተራው ከበዓሉ በኋላ ካለችው ከመጀመሪያዪቱ ሰንበት ይጀመር ዘንድ፥ ፈቃዳቸው የሆነ አባወራዎችና እማወራዎች ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እየመጡ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ያስጽፉ። እንጀራ ለመጋገር የማይመቸው ተከራይ ሽሮ ወይም በርበሬ ይስጥ፤ ብቻውን የማይችል ከጎረቤቱ ጋር ይጣመር። መጻሕፍቱን ለመቍጠር ከሰንበት ትምህርት ቤት አራት ወጣቶችና ንባብ የሚያውቁ ሁለት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ ከእነርሱ አንዲቱ ስንኳ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል። እጃቸውን ታጥበው፥ አድርቀው ይምጡ። ሥራው በቀን ብርሃን ይሠራል እንጂ ከመጽሐፉ አጠገብ ጧፍ አይበራም።